ለበርነር ማቀጣጠያ ትራንስፎርመር ሙቀት የሚችል ኢፖክሲ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ሥራው በዳቦ ቤት ምድጃ የናፍጣ በርነር ላይ የሚገጠመውን ማቀጣጠያ ትራንስፎርመር እንደገና ጠምጥሞ በኢፖክሲ መሙላት ነው። ፕራይመሪው (መብራት የሚገባበት ጥቅል) 230 ቮልት፣ ሰከንደሪው (ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚወጣበት ጥቅል) ሁለት ጊዜ 5 ኪሎ ቮልት ነው። የሰከንደሪው መሃል ከብረት ቀፎው ጋር ስለታሰረ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ኪሎ ቮልት ይገኛል። አሮጌዎቹ ብዙዎቹ በሬንጅ የተሞሉ ናቸው። የምድጃው ሙቀት ሬንጁን ያለሰልሰዋል፤ ሬንጁ ሲፈስ ቦታውን አየር ይይዘዋል፣ ብልጭታውም የሚጀምረው እዚያ ነው። በፖሊስተር የተሞሉት ደግሞ ሲጠነክሩ በይዘት ከ5 እስከ 8 በመቶ ስለሚኮማተሩ ከጥቅሉ ይላቀቃሉ።

የተቀመጠው ዒላማ፦ ሬዚኑ የሚለሰልስበት ሙቀት፣ ማለትም ግላስ ትራንዚሽን (ከዚህ በኋላ ቲጂ)፣ ከ150 ዲግሪ በላይ፤ በ3 ሚሊሜትር ውፍረት በሚሊሜትር ከ15 ኪሎ ቮልት ያላነሰ መቋቋም፤ ከ130 ዲግሪ ኦቨን ወጥቶ በረዶ ውሃ ውስጥ ሲገባ አለመሰንጠቅ። ቲጂ እና የኢንሱሌሽን ደረጃ አንድ አይደሉም። በአይኢሲ 60085 ደረጃ ኤፍ የሚባለው 155 ዲግሪ የረጅም ጊዜ አገልግሎትን ይመለከታል። ጣሳው ላይ «እስከ 200 ዲግሪ» ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ለአጭር ጊዜ የሚቻለውን ሙቀት ነው፤ በእሱ ተመርቶ ሬዚን መግዛት ገንዘብ ያስጥላል።

ደረጃ 1፦ በክፍል ሙቀት የሚጠነክረው

ተራው የቢስፌኖል ኤ ፈሳሽ ሬዚን፣ ኢኩቫለንት ክብደቱ (ለአንድ የኢፖክሲ ማያያዣ ቦታ የሚደርሰው የሬዚን ክብደት) 187። ሃርደነሩ (ሬዚኑን የሚያጠነክረው) ቴታ የሚባለው አሚን፣ ለ100 ግራም ሬዚን 13 ግራም። ቁጥሩ የመጣው ከሒሳብ ነው፦ የቴታ ሞለኪውል ክብደት 146 ሲሆን ስድስት ንቁ ሃይድሮጅን አለው፤ 146 ለ6 ሲካፈል 24.4፣ እሱ ለ187 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 13 ይሆናል። «ቶሎ እንዲደርቅ» ተብሎ ከዚህ በላይ ሃርደነር ሲጨመር ትርፉ ሳይታሰር ውስጥ ይቀራል፣ ቲጂን ያወርዳል፣ እርጥበት ይስባል፣ ኢንሱሌሽኑንም ያበላሻል።

300 ግራም በአንድ ኩባያ ሲበጠበጥ ራሱን እያሞቀ ሄደ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨሰና ተሰነጠቀ። ያው ድብልቅ በብረት ትሪ ላይ በ10 ሚሊሜትር ውፍረት ሲፈስ ግን ምንም አልሆነም፤ ሙቀቱ መውጫ አለውና። የተገኘው የመለስለሻ ሙቀት በክፍል ሙቀት ብቻ ሲጠነክር ወደ 55 ዲግሪ፣ በ100 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ከተጋገረ በኋላ ከ100 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በክረምት ደግሞ አሚኑ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ፊቱ ላይ ቅባት የመሰለ ሽፋን ያወጣል። ለ5 ኪሎ ቮልት ተርሚናል ይህ ሽፋን የፍሳሽ መንገድ ይሆናል። ይህ ድብልቅ የሞልድ (ሬዚኑ የሚፈስበት ቅርጽ) ቀዳዳ ለመድፈን ብቻ ቀርቷል።

ደረጃ 2፦ ወደ አንሃይድራይድ

ሃርደነሩ ወደ ሜቲል ቴትራሃይድሮፋታሊክ አንሃይድራይድ ተቀየረ። ፈሳሽ ነው፣ ከሬዚኑ የቀጠነ ነው፣ ያለ ሙቀት ቶሎ አይረጋም። ሞለኪውል ክብደቱ 166፤ ለአንድ የኢፖክሲ ኢኩቫለንት 0.9 ሲወሰድ ለ100 ግራም ሬዚን 80 ግራም ይመጣል። ማፋጠኛው ቤንዚል ዳይሜቲል አሚን፣ 1 ግራም። ለዚህ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል። 1 ግራሙ 2 ግራም ሲሆን ቶሎ ይረጋል፣ ነገር ግን ይጠቁራል፣ ይሰባበራል፤ ኢፖክሲው እርስ በርሱ ስለሚያያዝ የአንሃይድራይዱ ከፊል ሥራ ፈትቶ ይቀራል።

ዋናው ጠላት ውሃ ነው። አንሃይድራይድ ውሃ ሲያገኝ ወደ አሲድነት ይቀየራል፤ በጣሳው ክዳን ሥር ነጭ ፍርፋሪ ከታየ ተበላሽቷል ማለት ነው። 18 ግራም ውሃ 166 ግራም አንሃይድራይድ ያጠፋል፤ ስለዚህ 1 ግራም ውሃ ከ9 ግራም በላይ ሃርደነር ይበላል። ጣሳው በተከፈተ ቁጥር በደረቅ ናይትሮጅን ወይም ቢያንስ በሲሊካ ጄል በደረቀ አየር ታጥቦ ወዲያው ይዘጋል። ሃርደነሩን ከትልቁ ጣሳ ወደ ትንንሽ ጠርሙሶች መገልበጥ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

የአንሃይድራይድ ትነት የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፤ አንዴ አለርጂ የሆነበት ሰው ዳግም በትንሹም ቢሆን ሊታመም ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ከዚሁ ቤተሰብ ሄክሳሃይድሮውን እና ሜቲል ሄክሳሃይድሮውን በዚሁ ምክንያት በ2012 አሳሳቢ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። ኦቨኑ የግድ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቱቦ ይኑረው። የናይትሪል ጓንት እንጂ የሐኪም ቀጭን ላቴክስ አይበቃም።

ውጤት፦ የመለስለሻው ሙቀት ወደ 120 ዲግሪ። ይሻላል፣ ግን አይበቃም።

ደረጃ 3፦ ቫክዩም

የኢፖክሲ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት ወደ 4፣ የአየር ደግሞ 1 ነው። በዚህ ምክንያት በሬዚኑ ውስጥ በቀረ ቀጭን የአየር ኪስ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ጫና በዙሪያው ካለው ሬዚን እስከ 4 እጥፍ ይደርሳል፤ አየሩ የሚችለው ግን ከሬዚኑ በብዙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ኪሱ ውስጥ ያለው አየር ቀድሞ ይበሳል፣ በየሳይክሉ ይበልጭልጫል፣ ሬዚኑን ከውስጥ እየበላ ይሄዳል። ትራንስፎርመሩ የዛሬውን ሙከራ አልፎ ከወራት በኋላ የሚቃጠለው በዚህ ነው።

ፓምፑ የፍሪጅ ጥገና ባለሙያዎች የሚይዙት ባለ ሁለት ደረጃ ሮታሪ ፓምፕ ነው። የፍሪጅ ኮምፕሬሰርም ተሞክሯል፤ የሚፈለገውን ያህል አይስብም። የሃርደነሩ ትነት ዘይቱን ስለሚያበላሽ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ በመሃል በበረዶ የተከበበ ብልቃጥ ሲገባ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል።

ስለ ጌጁ አንድ ነገር ልብ ይባል። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ተራው መርፌ ጌጅ ፍጹም ባዶ ላይ እንኳ ከ0.76 ወይም 0.77 ባር ኔጋቲቭ አያልፍም። «1 ባር አልደረሰም» ተብሎ ደህና ፓምፕ ይፈታል፣ የሌለ ቀዳዳ ሲፈለግ ይዋላል። አብሶሉት የሚያነብ ጌጅ ተገዝቶ ዒላማው ከ2 እስከ 5 ሚሊባር ተደርጓል። ከዚያ በታች ሲሳብ ሃርደነሩ ራሱ መትነን ይጀምራል፣ የተመዘነው ልክም ይዛባል።

ድብልቁ ቫክዩም ሲገባ እንደ ወተት ይገነፍላል። ዕቃው ከድብልቁ ቢያንስ አራት እጥፍ የሚይዝ ይሁን። ሲገነፍል ቫልቩን ከፈት አድርጎ አረፋውን ማፍረስ፣ ከዚያ እንደገና መሳብ፤ አረፋው ወድቆ በየመሃሉ አንድ አንድ ብቻ ሲወጣ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ የሲሊካ ዱቄት

ያልተሞላ ኢፖክሲ በአንድ ዲግሪ በሚሊዮን ከ60 እስከ 70 ይለጠጣል፤ መዳብ 17፣ ብረት 12 ነው። ልዩነቱ ሲቀዘቅዝ ስንጥቅ ይሆናል። የ325 ሜሽ የኳርትዝ ዱቄት በክብደት 60 በመቶ ሲገባ የሬዚኑ መለጠጥ ወደ 30 እና 35 መካከል ይወርዳል። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙም ከ0.2 ተነስቶ 0.7 ዋት በሜትር በኬልቪን እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ይህ ጥቅሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት ለማውጣት ከቲጂው ባልተናነሰ ይጠቅማል። ከዚህም በላይ ዋጋ ያወርዳል።

የመጀመሪያው የተሞላ ቅልቅል ከሒሳቡ በታች ለስላሳ ወጣ። ምክንያቱ እርጥበት ነበር። 300 ግራም ሲሊካ 0.3 በመቶ ውሃ ቢይዝ 0.9 ግራም ነው፤ ያ ከ8 ግራም በላይ አንሃይድራይድ ይበላል፣ ማለትም ከ80ው አንድ አሥረኛውን። ከዚያ በኋላ ሲሊካው በትሪ ላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተዘርግቶ በ130 ዲግሪ ሌሊቱን ያድራል፤ ጠዋት ትኩስ እንዳለ ወደ ሬዚኑ ይገባል። ከረጢቱ «ደረቅ» ይላል፤ ይሁን፣ እኛ እናደርቀዋለን።

ሌላው ችግር መዝቀጥ ነው። በ80 ዲግሪ ድብልቁ ስለሚቀጥን ዱቄቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ጥቂት ሚሊሜትር ዱቄት የሌለው ንጹሕ ሬዚን ይቀራል፣ ስንጥቁም ሁልጊዜ ከእሱ ይጀምራል። የደረቀውን ናሙና በመጋዝ ለሁለት ከፍሎ ማየት ይህን ወዲያው ያሳያል። 1 ግራም ኤሮሲል (ድብልቁን የሚያወፍር እጅግ የላመ ሲሊካ) ለ100 ግራም ሬዚን ሲጨመር ዝቅጠቱ ቆመ፤ 2 ግራም ሲሆን ግን አረፋው አልወጣ አለ። ዱቄቱን ከሬዚኑ ጋር የሚያጣብቀው ሲላን ማያያዣ፣ የግላይሲዶክሲ ዓይነቱ፣ በዱቄቱ ክብደት ከግማሽ እስከ 1 በመቶ ይገባል። ሲላን የሌለው ናሙና ውሃ ውስጥ ተቀቅሎ ሲወጣ የኢንሱሌሽን ሬዚስታንሱ በግልጽ ይወርዳል፤ ውሃው በዱቄቱና በሬዚኑ መገናኛ ይገባልና።

ዱቄቱ ክሪስታል ሲሊካ ስለሆነ ለሳንባ አደገኛ ነው። ሲመዘንና ሲገለበጥ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ደህና ማስክ ይደረግ፤ የጨርቁ አይሆንም።

ደረጃ 5፦ ጥቅሉ ራሱ

የሰከንደሪው ሽቦ ከፀጉር የማይተናነስ ቀጭን ነው። በንብርብሮቹ መካከል 45 ማይክሮን የሚደርስ የኳርትዝ ቅንጣት አይገባም፤ ጥቅሉ እንደ ወንፊት ዱቄቱን ውጭ ያስቀረዋል፣ ውስጡም ባዶ ይቀራል። በመጋዝ የተከፈለው ናሙና ውስጥ ይኸው ታየ፦ ውጭው ድንጋይ፣ ውስጡ ደረቅ ሽቦ። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። መጀመሪያ ጥቅሉ በ110 ዲግሪ በቫክዩም ይደርቃል፤ ከዚያ ዱቄት የሌለው ድብልቅ በ70 ዲግሪ በቫክዩም ይጠጣል፣ አየር ተለቆ ግፊቱ ወደ ውስጥ እንዲገፋው ይደረጋል። በ90 ዲግሪ ረግቶ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ዱቄት ያለው ድብልቅ በላዩ ይፈሳል። የታችኛው ጨርሶ ከጠነከረ ሁለቱ በደንብ አይያያዙም።

ከአሮጌው የወጣው የንብርብር ወረቀት ክራፍት ነው፤ በ105 ደረጃ የሚመደብ ሲሆን በተራ አየር ውስጥም ብዙ እርጥበት ይይዛል። ሬዚኑ 155 ቢሆን ወረቀቱ 105 ከሆነ ዕቃው 105 ነው። በ0.05 ሚሊሜትር ኖሜክስ (ሙቀት የሚችል የአራሚድ ወረቀት) ተተካ። ውድ ነው፣ የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪም እሱ ነው፣ ግን እዚህ ላይ መቆጠብ የቀረውን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ሽቦው ባለ 180 ደረጃ ኤናሜል ይሁን። ሬዚኑም ሃይድሮላይዝ የሚሆን (በውሃ የሚላቀቅ) ክሎሪኑ ዝቅተኛ የሆነው ዓይነት ይመረጥ፤ ክሎሪን ከእርጥበትና ከቮልቴጅ ጋር ሲገናኝ ቀጭን መዳብ ይበላል።

ደረጃ 6፦ ቲጂን ከፍ ማድረግ፣ ስንጥቁም አብሮ መጣ

ንጹሕ ኢፖክሲ ኖቮላክ (በአንድ ሞለኪውል ብዙ ማያያዣ ቦታ ያለው ሬዚን)፣ ኢኩቫለንት ክብደቱ 178፣ ሌላ ዓይነት አንሃይድራይድ ከሆነው ከናዲክ ሜቲል አንሃይድራይድ ጋር፣ 100 ለ90። በ200 ዲግሪ ከተጋገረ በኋላ የመለስለሻው ሙቀት ከ180 በላይ ሆነ፤ በቁጥር ካየነው ከሁሉም የበለጠ። ብረት ኮሩ (የትራንስፎርመሩ የብረት እምብርት) ያለበት ናሙና ግን ኦቨን ውስጥ እንዳለ ሲቀዘቅዝ ከኮሩ ማዕዘን ተነስቶ እስከ ፊቱ ተሰነጠቀ።

ሒሳቡ ምክንያቱን ይናገራል። ሬዚኑ ከቲጂው በታች ሲወርድ መሸሽ አይችልም፤ ከዚያ እስከ ክፍል ሙቀት ያለው ልዩነት በሙሉ ጫና ይሆናል። ከ190 እስከ 20 ዲግሪ 170 ነው፤ ዱቄት በሌለው ሬዚን የመለጠጥ ልዩነቱ 53 በሚሊዮን ሲሆን 0.9 በመቶ መወጠር ይመጣል። ዱቄት ያለው ወደ 0.36 በመቶ ያወርደዋል፤ ነገር ግን ዱቄት ያለው ሬዚን ሳይሰበር የሚለጠጠው 1 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ በሹል ማዕዘን ላይ ይህም ይበዛበታል። ቲጂን በከፍተኛው መጠን ማሳደድ ለዚህ ዕቃ ትክክል አይደለም። የሚያስፈልገው ከሥራው ሙቀት በቂ ርቀት ያለው፣ ነገር ግን ከብረቱ ጋር አብሮ መኖር የሚችል ሬዚን ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች፦ የኮሩ ማዕዘኖች በሞረድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ክብ ተደረጉ፤ ኮሩ በሲሊኮን ጎማ ቴፕ አንድ ዙር ተጠቀለለ፤ ኖቮላኩ ከቢስፌኖል ኤ ሬዚኑ ጋር ተደባለቀ። ማለስለሻ ፖሊግላይኮል መጨመርም ተሞክሯል፤ ስንጥቁን ያስቆማል፣ ግን ቲጂውን ይዞት ይወርዳል፣ በሙቀት ውስጥም ሬዚስታንሱን ይቀንሳል። ተትቷል። ከሦስቱ ትልቁን ለውጥ ያመጣው የጎማው ቴፕ ነው፤ ከኬሚስትሪው ሁሉ ርካሹም እሱ ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ቅልቅል፦ ቢስፌኖል ኤ ሬዚን 70 ግራም፣ ኖቮላክ 30 ግራም፣ ናዲክ ሜቲል አንሃይድራይድ 87 ግራም፣ የደረቀ ሲሊካ 280 ግራም፣ ኤሮሲል 1 ግራም፣ ሲላን 2 ግራም፣ ቤንዚል ዳይሜቲል አሚን 1 ግራም። የ87 ሒሳብ፦ 70 ለ187 እና 30 ለ178 ተካፍለው ሲደመሩ 0.543 ኢኩቫለንት፤ በ178.2 እና በ0.9 ሲባዛ 87። ወደ 260 ሚሊ ሊትር ይወጣዋል። ኖቮላኩ ከተራው ሬዚን ውድ ቢሆንም ከጠቅላላው ክብደት 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቅልቅሉን ዋጋ የሚወስነው ሃርደነሩ ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ ሁለቱ ሬዚኖችና ሲላኑ በ80 ዲግሪ ይሞቃሉ፣ ትኩስ ሲሊካና ኤሮሲል ይገባሉ፣ አንድ ጊዜ ቫክዩም። ከዚያ ሃርደነሩ፣ ሁለተኛ ቫክዩም። ማፋጠኛው መጨረሻ ላይ ገብቶ በቀስታ ይማሰላል፣ አጭር ቫክዩም፣ ከዚያ በ80 ዲግሪ ወደ ሞቀ ሞልድ በአንድ ጥግ ቀጭን ሆኖ ይፈሳል። ቀዝቃዛ ሞልድ ፊቱ ላይ ቀዳዳ ያስቀራል። ሞልዱ ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አንገት አለው፤ ሬዚኑ ሲኮማተር ከዚያ ይሞላል፣ በኋላ ይቆረጣል።

ደረጃ 7፦ መጋገርና ሙከራ

80 ዲግሪ 4 ሰዓት፣ 100 ዲግሪ 2 ሰዓት፣ 130 ዲግሪ 3 ሰዓት፣ 160 ዲግሪ 4 ሰዓት፣ 180 ዲግሪ 2 ሰዓት። በየመሃሉ በደቂቃ ከ1 ዲግሪ ባልበለጠ መውጣት፤ ሲወርድ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ፣ 60 እስኪደርስ በሩ አይከፈትም። በዝቅተኛ ሙቀት እንዲረጋ የሚደረገው መኮማተሩ በአብዛኛው ሬዚኑ ገና ፈሳሽ ሳለ እንዲያልቅ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት እርከኖች በመብራት ወጪ ምክንያት መተው አይቻልም፤ ሬዚኑ ሲጠነክር ሞለኪውሎቹ መንቀሳቀስ ስለሚያቅታቸው ቲጂው ከተጋገረበት ሙቀት ብዙ አይርቅም። እስከ 130 ብቻ የተጋገረው ናሙና ወደ 130 አካባቢ ለሰለሰ፤ ሙሉውን የሄደው ከ155 አለፈ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የመብራት መቋረጥ ከ80ው እርከን በኋላ ከመጣ ችግር የለውም፣ ከቆመበት ይቀጥላል፤ ከመርጋቱ በፊት ከሆነ ግን ዱቄቱ ስለሚዘቅጥ ናሙናው ለሙከራ ብቻ ይቀመጣል።

ቲጂን በቀጥታ የሚለካው ዲኤስሲ መሣሪያ ስለሌለ መለስለሱ የሚለካው በአይሶ 75 መንገድ ነው። 4 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዘንግ በ64 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ተጋድሞ በሲሊኮን ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ለ1.8 ሜጋፓስካል የሚያስፈልገው ጭነት የዳያል ጌጁ ስፕሪንግና ጭነቱን የሚያሳርፈው ብረት ተጨምረው 306 ግራም ነው። ዘይቱ በደቂቃ 2 ዲግሪ እየጨመረ፣ ዘንጉ 0.34 ሚሊሜትር ሲጎብጥ ያለው ሙቀት ይመዘገባል። ይህ ቁጥር ራሱ ቲጂ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ለማነጻጸር ግን ይበቃል።

የመብሳት ሙከራው የሚሠራው በትራንስፎርመር ዘይት መፈተሻ ላይ ነው፣ ናሙናው ዘይት ውስጥ ተነክሮ፤ በአየር ላይ ከሆነ ብልጭታው በጠርዙ ዞሮ ያልፋል። በ3 ሚሊሜትር ውፍረት በሚሊሜትር ከ17 እስከ 19 ኪሎ ቮልት ተገኝቷል። ከ1 ሚሊሜትር ናሙና የሚገኘው ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ስለሚል ሁለቱን ማወዳደር አይገባም።

ሜገርን (የኢንሱሌሽን ሬዚስታንስ መለኪያውን) በክፍል ሙቀት ብቻ መጠቀም አታላይ ነው። እርጥብ ሲሊካ ያለውም፣ ያልተጋገረውም፣ ደህናውም ሁሉም ከስኬሉ በላይ ያሳያሉ። ናሙናው በ130 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ እንዳለ በ1000 ቮልት ሲለካ ግን ይለያያሉ፤ ያልተጋገረው በብዙ እጥፍ ይወርዳል፤ ወደ ቲጂው ሲጠጋ በውስጡ ያሉት አዮኖች መንቀሳቀስ ስለሚጀምሩ ነው። አሁን እያንዳንዱ ዕቃ የሚፈተሸው ትኩስ ሆኖ ነው። የከፊል ዲስቻርጅ (በአየር ኪስ ውስጥ የሚፈጠረው ብልጭታ) መለኪያ በሌለበት ኤኤም ራዲዮ ከጣቢያ ውጭ ተደርጎ አጠገብ ይቀመጣል፤ ቫሪያክ (ቮልቴጅ መቆጣጠሪያው) ቀስ ብሎ ሲጨመር ፍርፍር የሚል ድምፅ ከሥራው ቮልቴጅ በታች ከጀመረ ውስጡ ኪስ አለ። ዕቃው ወደ ደንበኛ አይሄድም።

ደረጃ 8፦ ተርሚናሎቹ፣ ገና ያላለቀ

ሰውነቱ ደህና ሆኗል፤ የቀረው ፊቱ ነው። በተርሚናሎቹ መካከል ጥቀርሻና የዳቦ ዱቄት ሲጠራቀም ብልጭታው ፊቱን ያከስለዋል፣ ከሰሉም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በተርሚናሎቹ መካከል ያለው የአየር ርቀት በባሕር ጠለል ከተሠራ ንድፍ አይቀዳም፤ በአይኢሲ 60664-1 ሠንጠረዥ ከ2000 ሜትር በላይ ርቀቱ ይጨመራል፣ በ3000 ሜትር በ1.14 ይባዛል። የአዲሱ ሞልድ ተርሚናል አንገት በፊቱ ላይ ያለውን መንገድ የሚያስረዝሙ ሦስት ክንፎች ተደርጎለታል።

ቀጣዩ ሙከራ ከሲሊካው ሩቡን በአሉሚኒየም ትራይሃይድሬት መተካት ነው፤ ብልጭታ ሲነካው ውሃ እየለቀቀ ፊቱ እንዳይከስል ይከላከላል። ከ200 ዲግሪ ጀምሮ ውሃውን መልቀቅ ስለሚጀምር የመጋገሪያው ጣሪያ 180 ሆኖ መቆየቱ እዚህ ይጠቅማል። ማድረቂያው ግን ከ110 አያልፍም፣ ጊዜው ይረዝማል። የመጀመሪያዎቹ ዘንጎች በኦቨን ውስጥ ናቸው፤ ሲወጡ በ306 ግራሙ ይለካሉ፣ ከዚያ በ130 ዲግሪ በሜገር።